መኪና ከፍ ሲል ምን ዝቅ ይላል?

የወጣት ምኞት እንደ ጠባዩ ልዩ ልዩ ቢሆንም፥ ፒክ አፕ መኪና እጁ የገባለት ወጣት ግን ምኞቱ ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚያዘነብል ይመስለኛል። ይኸውም መኪናውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፥ ወፍራምና ትልቅ ጎማ አልብሶ፥ የሌላውን መኪና ጣራ ቁልቁል እየተመለከተ መንዳት ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንዲህ ያለውን መኪና ያላየ አንባቢ አይኖርም። ባለቤቱ ለመግባት ሲፈልግ በቅሎ እንደሚጭን ሰው እርካብ ይረግጣል፤ ለመውረድ ሲፈልግ ደግሞ ይዘላል። እናቱን አሳፍሮ ቤተ ክርስቲያን ለመውሰድ ያሰበ እንደሆነ በርጩማ ይዞ መሄድ ሊያስፈልገው ነው።

እኔም ይህን እያየሁ ብዙ ጊዜ ስቄአለሁ። «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» የሚለውን ተረትም በልቤ ተርቻለሁ። ነገር ግን ባለፈው ግንቦት አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከምሥራቅ ጐጃም መጥቶ የነገረኝ ነገር ሣቄን አቋርጦብኛል። ከዚያም በኋላ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፍነው ግማሽ ቀን፥ በትምህርት ቤት ከተማርኩት ፊዚክስ የበለጠ ስላስተማረኝ፥ ለአንባቢ ማካፈሉን ወደድሁ።

ጓደኛዬ በአንድ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነው። አባቱና ወንድሞቹ ገንዘብ አዋጥተው የገዙት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ አላቸው። በበጋ ጤፍ ጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ በክረምት ደግሞ የቀበሌው ሰው ሁሉ መኪና ነው። ጓደኛዬ የዕቁብ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ መምጣቱን፥ መኪናውንም አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደርጎ ባለ 35 ኢንች ጎማ ሊያስገባለት ማሰቡን ሲነግረኝ፥ «አንተም እንደ ከተማ ጎረምሳ መታየት አማረህ?» ብዬ አላገጥሁበት።

እሱ ግን አልሣቀም። «ባለፈው ነሐሴ የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት መኪናው ዋልካ ውስጥ ተቀርቅሮ ሦስት ሰዓት ቆመን። ልጁ የተወለደው ከመኪናው ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለቱም ተርፈዋል። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስ አልፈልግም» አለኝ።

የዋልካን መሬት ጠባይ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል። በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጥና እንደ ሊጥ ይሆናል። ከጎማው ጥርስ መካከል ገብቶ ከሞላ በኋላ ጎማው ጥርስ እንደሌለው ይንሸራተታል። ስለዚህ ማላገጤን ትቼ አብሬው ወደ ጋራዡ ሄድሁ።

ጋራዡ በመርካቶ አካባቢ የሚገኝ ሲሆን፥ ባለቤቱ ጸጉራቸው የሸበተ፥ በሥራው ብዙ ዘመን የቆዩ መካኒክ ናቸው። ጓደኛዬ የሚፈልገውን ዘርዝሮ ነገራቸው። እሳቸውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዳምጠው ሲያበቁ፥ «ልጄ፥ መኪናዋ የቆመችው በምን ምክንያት ነው? ሆዷ መሬት ነክቶ ነው ወይስ ጎማዋ ተንሸራቶ?» ብለው ጠየቁት።

ጓደኛዬ ዝም አለ። የዚያን ዕለት ከኋላ ሆኖ ሴትዮዋን ደግፎ ነበርና አላየም። ወዲያው መኪናውን ሲነዳ ለነበረው ወንድሙ ስልክ ደወለ። ወንድሙም መጀመሪያ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ጕድጓድ እንደ ቈፈረ፥ ኋላ ግን ሰጥሞ ዲፈረንሻሉ ጭቃው ላይ እንደ ተቀመጠ ነገረው። መካኒኩ ይህን ሲሰሙ ወደ መኪናው ሄደው የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው ዳበሱት። ጎማው እንደ ሽማግሌ ራስ መላጣ ነበር። «እንግዲህ በሽታው ይኸ ነው። ቁመት አላነሳትም፤ ጥርስ ነው ያነሳት» አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። መኪና ከፍ የሚደረግበት መንገድ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በሞላውና በባሌስትራው በኩል ነው፤ ከሞላው ራስ ላይ ቀለበት በመጨመር፥ ከኋላ ባሌስትራና ከአክስሉ መካከል የብረት ጉማጅ በማስገባት፥ ወይም ሞላውንና ባሌስትራውን ጨርሶ በረጃጅሞች በመለወጥ ይሠራል። ሁለተኛው ከሻንሲውና ከካቢናው መካከል ጉማጅ አስገብቶ ካቢናውን ብቻ ማንሣት ነው። ሦስተኛው ትልቅ ጎማ ማስገባት ነው። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚያስገኙት ጥቅም ግን አንድ አይደለም።

በኋለኛው እግር በኩል ከመሬት በጣም ቀርቦ የሚገኘው ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻሉ ደግሞ ከአክስሉ ጋር አንድ ሆኖ በጎማዎቹ መካከል ተቀምጧል። ስለዚህ ባሌስትራውን ያህል ቢያስረዝሙት ሣጥኑና ካቢናው ሽቅብ ይወጣሉ እንጂ ዲፈረንሻሉ ከነበረበት አንዲት ሚሊ ሜትር አይነሣም። ዲፈረንሻሉን የሚያነሣው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጎማው ከጨመረው ቍመት ግማሹን ብቻ ነው። የጓደኛዬ መኪና ጎማ 265/65 አር 17 የሚባለው ሲሆን ቍመቱ 77.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ባለ 35 ኢንቹ 88.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 11.3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ዲፈረንሻሉ የሚነሣው 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ትልቁን ጎማ ማስገባቱ ምን ጉዳት አለው? ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። ሁለቱ ጎማዎች ሲመዛዘኑ ልዩነቱ አሥራ አምስት በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ መለኪያው 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው በውነቱ የሚበረው በሰዓት 92 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተጓዘውን ርቀት የሚመዘግበውም እንዲሁ ያጐድላል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ መኪና ግን 262 ብሎ ይመዘግበዋል። በመሥሪያ ቤት መኪና የሚሄድ ወጣት ሹም የጉዞ መዝገብና የነዳጅ ሒሳብ ሲያስረክብ 38ቱ ኪሎ ሜትር የት እንደ ገባ ቢጠየቅ ምን ሊመልስ ነው? ዘይት የሚለወጥበትም ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

ከዚህም በቀር ጎማው ሲረዝም ሞተሩ መኪናውን የሚገፋበት ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ማርሹ ሁሉ የረዘመ ያህል ይሆናል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ያልፈው የነበረውን አሁን በሁለተኛ እየጮኸ ያልፈዋል፤ ነዳጁንም ይጠጣል። ፍሬኑም እንዲሁ ነው። ፍሬኑ ያው የድሮው ሆኖ ጎማው ቢተልቅ፥ በአንድ ዓይነት ጉልበት ሲረገጥ መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆም ኃይል ይቀንሳል። የጎማውና የቸርኬው ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ መሽከርከሩን ለማቆም ራሱ ተጨማሪ ሥራ ይሆናል።

ይህን ሲነግሩን ጓደኛዬም እኔም በአንድ ጊዜ ያሰብነው ስለ ዓባይ በረሃ ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍለት ነው። ኩንታል ጤፍ የጫነ መኪና ከደጀን በኩል ወርዶ ያንን ሲወጣ፥ ባዶውንም ሲመለስ ደግሞ ቍልቍል ሲወርድ፥ የሾፌሩ ነፍስ ያለችው በፍሬኑና በማርሹ ላይ ነው።

ሌላው ጉዳይ የመገልበጥ ነገር ነው። በዩኒቨርሲቲ ሳለን የክብደት ማዕከል የሚባለውን ተምረን፥ ተፈትነን፥ ጥሩ ውጤትም አግኝተናል። ጋራዥ ስንገባ ግን ያ ትምህርት እንደ ማያውቀን ሰው አለፈን። አሳቡ ቀላል ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት ለሁለት ከፍሎ፥ የተገኘውን ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ማካፈል ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመኪናዎችን የመገልበጥ ዝንባሌ ለሕዝብ ሲያስታውቅ ይህንኑ ስሌት ይጠቀማል። ለምሳሌ ያህል የጎማዎቹ ርቀት 154 ሴንቲ ሜትር፥ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.03 ይሆናል። መኪናው ከፍ ተደርጎ የክብደቱ ማዕከል 90 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ወደ 0.86 ይወርዳል።

ይህ ቍጥር ምን ማለት ነው? ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ወደ ጎን የሚይዘው ከተሸከመው ክብደት ከ70 እስከ 90 በመቶ ያህል ነው። ውጤቱ 1.03 የሆነ መኪና በድንገት ቢጠመዘዝ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታልና ሾፌሩ ለማረም ጥቂት ጊዜ ያገኛል። ውጤቱ 0.86 የሆነው ግን ሳይንሸራተት ሊገለበጥ ይችላል። ከላዩ ላይ ጭነትና ሰው ሲጨመርበት የበለጠ ይብሳል። ለማየት ያምር ዘንድ ከፍ ያደረግነው መኪና፥ በግ በድንገት መንገድ ያቋረጠ ዕለት ዋጋውን ያስከፍላል።

መካኒኩ ግን በቃል ብቻ አልተወንም። በጋራዡ ውስጥ ሌላ ቦታ ከፍ ተደርጎ «ፍሬኑ ልል ሆነብኝ» ተብሎ የመጣ ፒክ አፕ ቆሞ ነበር። ሻንሲውን በክሪክ ሲያነሡት የኋላው ጎማ ወደ ታች ተንጠለጠለ። «ጐንበስ በሉና እዩ» አሉን። የፍሬኑን ዘይት ወደ እግሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ እንደ በገና አውታር ተወጥሮ ነበር። ሞላውንና ባሌስትራውን ያስረዘመው ሰው ቱቦውን ማስረዘም ረስቷል። መኪናው በለጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ምንም አይታወቅም፤ ጕድጓድ ገብቶ እግሩ በተንጠለጠለ ቍጥር ግን ቱቦው ይጐተታል። በአንገቱ ላይ መሰንጠቅ ጀምሮ ዘይት ያልበው ነበር። ጓደኛዬ ለረዥም ጊዜ ጐንብሶ ያንን ቱቦ ተመለከተ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ፥ «ጋሼ፥ እናቴ ናት በመኪናው የምትሄደው» አላቸው።

እርግጥ ነው፥ መኪናን ማስረዘም ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በሥርዓት የሠሩት ሰዎች ያተረፉበት ሥራ ነው። አይስላንድ የምትባለው የሰሜን ደሴት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በክረምት መሬቷን ጥልቅ በረዶ ስለሚሸፍነው፥ የአገሩ ሰዎች ጂፖቻቸውን ትልልቅ ጎማ እያለበሱ በበረዶ ላይ መንዳት ለመዱ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ሥራ የጀመረው አርክቲክ ትራክስ የተባለው ድርጅት፥ ሃይሉክስን ባለ 38 ኢንች ጎማ እያደረገ ይሠራል። በ2007 በዚህ ዓይነት የተሠሩ መኪናዎች በቀዘቀዘው ባሕር ላይ ተጉዘው የሰሜን መግነጢሳዊ ዋልታ በ1996 ከነበረበት ስፍራ ደርሰዋል። የሥራው ምሥጢር ግን ቍመቱ አይደለም። የጎማውን ንፋስ አብዝተው ያስተነፍሱታል፤ እስከ 0.2 ባር ድረስ ያወርዱታል። በዚህ ጊዜ ጎማው ተዘርግቶ እንደ ግመል ሸኾና ሰፊ ስለሚሆን በበረዶው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰጥምም። ጎማውን ሲለውጡ ደግሞ የዲፈረንሻሉን ጥርስ፥ የፍጥነት መለኪያውንና ሌላውንም ሁሉ ከጎማው ጋር ያስማማሉ።

ሁለተኛው ታሪክ ከአሜሪካ ነው። በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ አካባቢ ቦብ ቻንድለር የሚባል ሰው በ1974 የተሠራ ፎርድ ፒክ አፕ ነበረው። መኪናውን ከፍ እያደረገ፥ ጎማውን እያተለቀ ሲሄድ አንድ ቀን አክስል፥ አንድ ቀን ሌላ ነገር ይሰበርበት ጀመር። የጋራዡ ኃላፊ «ይህ ሁሉ የሚሰበረው በትልቁ እግርህ ነው» እያለ ነዳጅ መርገጥ ስለሚያበዛ ይቀልድበት ስለ ነበር፥ የመኪናው ስም «ቢግፉት» ማለት ትልቅ እግር ሆኖ ቀረ። ቻንድለር የተሰበረውን ሁሉ በወታደር መኪና ዕቃ እየተካ ሄዶ በ1981 በአሮጌ መኪናዎች ላይ የሚወጣ፥ የሚጨፈልቅ አውሬ አደረገው፤ እንጀራውም ሆነለት። ነገር ግን ለትርኢት የተሠራ መኪና ቤተ ሰብ ጭኖ ገበያ እንዲወርድ አይጠበቅበትም። ከታሪኩ የምንማረው አንድ ጎማ ሲተልቅ ቀጥሎ ያለው ደካማ ዕቃ እንደሚሰበር ነው፤ እሱ ሲጠነክር ደግሞ ተከታዩ ተራውን ይጠብቃል።

በዚያው በአሜሪካ ለመታየት ሲባል የሚደረገው ነገር ሕግ እስከ ማስወጣት ደርሷል። በሰሜን ካሮላይና ግዛት ጎረምሶች የፒክ አፑን ፊት ብቻ ከፍ፥ ኋላውን ዝቅ አድርገው መንዳት ለምደው ነበር። አፍንጫው ሰማይ ሲመለከት ሾፌሩ ከፊቱ የቆመ ሕፃን አይታየውም፤ መብራቱም የመጪውን ሰው ዓይን ያሳውራል። ስለዚህ በ2021 የወጣው ሕግ የፊቱ ጭቃ መከላከያ ከኋላው በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንዳይበልጥ ከለከለ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ከብዙ ምክር በኋላ መካኒኩ የሰጡት ፍርድ እንዲህ ነበር። ጎማው ጥርሱ ጥልቅና ሰፊ የሆነ የጭቃ ጎማ ይሁን፤ መጠኑም 265/70 አር 17 ይሁን። ይህ ከቀድሞው በ2.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚረዝም መለኪያውም ፍሬኑም ብዙ አይዛነፍም። ሞላውና ባሌስትራው አርጅተው ረግበዋልና በአዲስ ይለወጡ፤ ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። የፊቱ እግር ከዚያ በላይ ሲወጣ ለፊት ጎማ ኃይል የሚሰጠው ዘንግ አብዝቶ ይታጠፍና ቅባቱን የሚጠብቀው ሽፋን ይቀደዳል። ሾክ አብዞርበሩ ከአዲሱ ቍመት ጋር የሚስማማ ይሁን፤ የፍሬኑ ቱቦ ይርዘም፤ በመጨረሻም የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ በማሽን ይስተካከል። ባሌስትራ ቢጨመርም የመኪናው የጭነት ልክ እንደማይጨምር፥ አክስሉና ፍሬኑ የድሮዎቹ እንደሆኑ ደጋግመው አስጠነቀቁት።

ከዚህ ሌላ የነፋስ መሙያ ትንሽ ማሽን፥ የንፋስ መለኪያ፥ አካፋና ሁለት ጠንካራ ሣንቃ እንዲገዛ መከሩት። ዋልካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የጎማውን ንፋስ ከ2.4 ባር ወደ 1.3 ባር ያህል ዝቅ ቢያደርገው መኪናው መሬቱን በሰፊ እግር ይረግጣል። ነገር ግን በዚያ ንፋስ ቀስ ብሎ መሄድ እንጂ መፍጠን አይገባም፤ አስፋልት ሲደርስም ሳይሞላ መንዳት ጎማውን አሙቆ ያፈነዳዋል። የዕቁቡ ገንዘብ ይህን ሁሉ ከፍሎ ተርፏል። ጓደኛዬም ትራፊውን ለአባቱ ይዞ ተመለሰ።

ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት ስልክ ደውዬለት ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ በዚያው ቦታ አራት ጊዜ አልፈዋል። ሦስት ጊዜ ያለ ችግር ወጡ። አንድ ጊዜ ግን ተያዙ፤ ንፋሱን ቀንሰው፥ ሣንቃውን አንጥፈው፥ በአካፋ ጥቂት ቈፍረው በሃያ ደቂቃ ወጡ። «ዋልካው አሁንም ዋልካ ነው፤ እኛ ግን ቈመን እንዳንቀር ተምረናል» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፥ መኪና ያለህ እንደሆነ፥ ወይም ለመሥሪያ ቤትህ መኪና እንዲህ ይደረግለት የሚል ወረቀት ለፊርማ የሚቀርብልህ እንደሆነ፥ ከመፈረምህ በፊት የመካኒኩን ጥያቄ ጠይቅ። መኪናው የቆመው በምን ምክንያት ነው? ሆዱ ነክቶ ነው ወይስ ጎማው ተንሸራቶ? ቀጥሎም ፍሬኑ፥ ቱቦው፥ መለኪያው፥ መሪው ከአዲሱ ቍመት ጋር ተስማምተው እንደሆነ አስመርምር፤ ለዓመታዊው ምርመራ የሚያበቃ መሆኑንም አስቀድመህ አረጋግጥ። መልስ ያልተገኘለት እንደሆነ ግን ገንዘብህን ያዝ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የመታየት ምኞት በወጣትነት የማይቀር ነገር መሆኑን እኔም አልክድም። ነገር ግን ከሰው ሁሉ በላይ ተቀምጦ ከመታየት ይልቅ፥ በነሐሴ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ ማድረስ የሚበልጥ ክብር ይመስለኛል።